ኢናባ ከቢቸና በምን ትበልጣለች?

ኢናባ የምትባል ከተማ በጃፓን ካርታ ላይ ፈልጎ የሚያገኛት የለም። የጌም ፈጠራ ናት። ሆኖም በዓለም ዙሪያ ስፍር ቁጥር የሌለው ወጣት የኢናባን የገበያ መንገድ፣ ነዳጅ ማደያዋን፣ ዝናብ ካባራ በኋላ የሚወርደውን ጉሟን እንደ ገዛ ሰፈሩ ያውቃል። ያስተዋወቃት እ.ኤ.አ. በ2008 በፕሌይስቴሽን 2 የወጣው «ፐርሶና 4» ነው። አትለስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ጌሙን እንደ አዲስ እየሠራው መሆኑን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 አስታውቋል፤ ስሙም «ፐርሶና 4 ሪቫይቫል» ተብሏል።

ቢቸናና ሞጣ ግን ካርታ ላይ አሉ። ሰው ይኖርባቸዋል፣ ገበያ ይቆምባቸዋል፣ ጤፍ ይጫንባቸዋል። ከምሥራቅ ጎጃም ውጭ ላለ ሰው ስማቸው የሚነሳው ግን ጦርነት ሲኖር ብቻ ነው። ለዚህ ተጠያቂው ማን ነው? «ገጠር ነው፣ ምን ታሪክ አለው» የሚለው የአዲስ አበባ ፊልም ሠሪና ጌም ሠሪ ከተጠያቂዎቹ የመጀመሪያው ነው።

ለመሆኑ ኢናባ ምን አላት? ጁነስ የሚባል ትልቅ የገበያ አዳራሽ ከተከፈተ ወዲህ ሱቃቸውን አንድ በአንድ የሚዘጉ ነጋዴዎች አሏት። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ ልጅ ዮሱኬ በአባቱ ሥራ የተነሳ በአካባቢው ሰው ይጠመዳል። ዩኪኮ የቤተሰቧን የእንግዳ ማረፊያ ውረሺ ተብላ መላወሻ ያጣች ልጅ ናት። ጉልቤው ካንጂ ልብስ መስፋት መውደዱን ሰው እንዳያውቅበት ይደብቃል። ዘፋኟ ሪሴ ዝናው ሰልችቷት አያቷ ሱቅ ተመልሳ ገብታለች። ዋናው ገጸ ባሕርይ ደግሞ ከትልቅ ከተማ ለአንድ ዓመት አጎቱ ዘንድ የተላከ ተማሪ ነው፤ አጎቱ ፖሊስ ሲሆን እናቷ የሞተችባትን ትንሽ ልጁን ብቻውን ያሳድጋል። በዚህ መሀል ግድያ ይፈጸማል፣ ተማሪዎቹም ገዳዩን ፍለጋ ይወጣሉ። ንጉሥ የለም፣ ቤተ መንግሥት የለም። ባለሱቅ፣ ፖሊስ፣ አያት፣ ተማሪ። ቢቸና ከእነዚህ ውስጥ የጎደላት የትኛው ነው?

ፍልሚያው ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። ውጊያው በየተራ ነው። ቀድሞ የተኮሰ አያሸንፍም፤ የባላጋራውን ደካማ ጎን ያወቀ ነው የሚያሸንፈው። ደካማ ጎኑን የመታ ባላጋራውን ይጥላል፣ አንድ ተራም ይጨመርለታል። ሁሉም ከወደቁ ጓደኛሞቹ ተያይዘው በአንድነት ይነሱባቸዋል። ኃይል የሚገኘውም በመግደል ብቻ አይደለም። ከትምህርት ቤት መልስ ከጓደኛ ጋር የተቀመጡበት ሰዓት፣ የሰው ችግር ያዳመጡበት ምሽት ተቆጥሮ ለውጊያ ጉልበት ይሆናል። ከሁሉ የሚከብደው ጠላት ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ከሰው የደበቀው የራሱ ጥላ ነው። «አንተ እኔ አይደለህም» ብሎ የካደው ጥላው ይነሳበታል፤ «አዎ፣ እኔ ነህ» ብሎ የተቀበለው ያው ጥላ ረዳቱ ይሆናል። የዋናው ልጅ ረዳት ስሙ ኢዛናጊ ነው፤ ከጃፓን ጥንታዊ የአፍጥሮት ተረት በቀጥታ የተወሰደ።

ውጩ አንድ፣ ውስጡ ሌላ። የጎጃም ሰው ይህን ሲሰማ ሰምና ወርቅ ካልታየው ወይ ቅኔ ቤት አያውቅም፣ ወይ ጌሙን አልተረዳውም። ከቢቸና ብዙ ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ያገናኙት ዲማ ላይ ነው። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በአንድ እጁ ዱላ ይዞ ከመንደር መንደር ይዞራል። ውሻ ይነክሰዋል፣ ያገኘችውን ቁራሽ ከባልንጀራው ጋር ይካፈላል፣ ማታ ቅኔ ይዘርፋል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ መወድስ ስምንት ቤት። ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ መምህሩ እዚያው ያፈርሱታል፣ ተማሪውም እንደገና ይጀምራል። ደረጃው፣ ጉዞው፣ ስንቁ፣ ባልንጀራው፣ ፈተናው ሁሉ ተሰናድቶ ቁጭ ብሏል። ጃፓኖች በኩባንያ ደረጃ ተቀምጠው የፈለሰፉትን ነገር የቅኔ ቤት ልጅ በእግሩ ሲሄድበት ኖሯል።

ሞጣ ደግሞ ሰባራ ድልድይ አላት። በዐፄ ፋሲል ዘመን ዓባይ ላይ የተሠራው ይህ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሀሉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የጎጃምና የበጌምድር ሰው የሚሻገረው በገመድ ነበር። ተሻጋሪው ገመዱን ወገቡ ላይ ያስራል፣ ከወዲህ ያሉት ይለቁለታል፣ ከወዲያ ያሉት ይጎትቱታል። ከታች ዓባይ አለ። ከማዶ የሚጎትት ሰው ከሌለ መሻገር የለም፤ ያ ሰው ደግሞ ወንድም ላይሆን ይችላል፣ የማያውቁት ነጋዴ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ አሜሪካዊ ፎቶውን መጽሔት ላይ አይቶ ለጥገና ተነሳና ድልድይ የሚሠራ በጎ አድራጎት ድርጅት እስከማቋቋም ደረሰ። ፎቶው አሜሪካ ያለ ሰው ልብ ሲነካ፣ አዲስ አበባ ያለ ታሪክ ፈላጊ ግን አላየውም።

ጀግና ፈላጊዎች እዚህ ላይ «በላይ ዘለቀ አለ!» ማለታቸው አይቀርም። አዎ፣ አለ። ቢቸና የእርሱ አገር ናት። ግን እነሱ የሚያስቡት ጌም አስቀድሞ ይታወቃል፤ ጎፈሬ ያበጠረ አርበኛ፣ ምንሽር ጠብመንጃ፣ በተርታ የሚወድቅ ጣሊያን። ይህ ተኩስ ነው እንጂ በላይ አይደለም። የበላይ ታሪክ የሚከብደው ጠላት ከወጣ በኋላ ነው። አምስት ዓመት በዱር የተዋጋው ሰው በ1937 ዓ.ም. በገዛ አገሩ መንግሥት ተሰቀለ። ይህን ያላነሳ ጌም በላይን ሁለተኛ ጊዜ ይሰቅለዋል። በ1960 ዓ.ም. የቢቸናና የሞጣ ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሳም ነገሩ እንዲሁ ጥቁርና ነጭ አልነበረም። ገበሬው ርስቴን ሊነጥቁኝ ነው ብሎ ሰጋ፣ መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፣ በመጨረሻ ግን አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሱ። ባላባቱ ከማን ጋር ቆመ? ቄሱስ? ነጭ ለባሹስ? ተጫዋቹ እየመረጠ፣ በምርጫውም እየተጸጸተ የሚያልፍበት ታሪክ ይህ ነው።

«አገር በጦርነት እየታመሰ ስለ ጌም ይወራል?» የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ አማራ ክልል ያየው ይታወቃል። የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር፣ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ልጆች የጠብመንጃውን ዓይነት በድምፁ መለየት ለምደዋል። ግን ለእነዚህ ልጆች አሁን የሚቀርብላቸው ምንድን ነው? ስልክ ላይ መተኮስ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ የማድሪድና የማንቸስተርን ኳስ መጫወት። ተኩስ ከጠገበ ልጅ ፊት ቀድሞ ማሰብን፣ ባልንጀራ ማፍራትን፣ የራስን ጥላ ማየትን የሚጠይቅ ፍልሚያ ማቅረብ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ልጆቹን አላያቸውም።

አይቻልም እንዳይባል ተችሎ ታይቷል። ያውንዴ ያለው የካሜሩኑ ኪሮ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2016 «ኦሪዮን» የተባለ በአፍሪካ ተረትና ባህል ላይ የቆመ የሚና ጨዋታ አውጥቷል፤ ከገንዘቡም ከፊሉን ከሕዝብ አዋጥቷል። እዚህም ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን ሠርቷል። ዶሮዋ እየሮጠች ነው፣ መልካም። ስሙን ቅኔ ካለ ድርጅት ግን ከሩጫ የጠለቀ ነገር ቢጠበቅ አይፈረድም።

የሚሠራው ሰው ከተገኘ ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። አንደኛው ቋንቋ ነው። የጎጃም ሰው አነጋገር በአዲስ አበባ ፊልምና ኮሜዲ ውስጥ ለሳቅ ሲውል ኖሯል። የሞጣዋ ጠላ ሻጭ እንደ ዜና አንባቢ ብትናገር ውሸት ነው፣ እንደ መሳቂያ ብትናገር ደግሞ ስድብ ነው። ሁለተኛው ስልኩ ነው። ቢቸና ያለው ልጅ የያዘው ርካሽ ስልክ ነው፤ ዳታው ውድ ነው፣ እሱም ካለ። ስለዚህ ጌሙ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ መጠኑ ትንሽ፣ ከስልክ ወደ ስልክ የሚላክ ይሁን። በየትንሹ ከተማ በጥቂት ብር ሚሞሪ ላይ ዘፈንና ፊልም የሚጭኑ ሱቆች አሉ። የሚሸጠውም እዚያ ነው፣ ዘፈኑ አጠገብ።