በሞቴ ቅደም፤ እስከ ፓርኩ በር ድረስ

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሲልቨር ስፕሪንግ ከሚገኙት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ በር ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ትርዒት አለ። ሁለት ጓደኛሞች እኩል በሩ ላይ ይደርሳሉ። አንደኛው «ግባ» ይላል። ሌላው «ኧረ አንተ ግባ» ብሎ ይመልሳል። «በሞቴ ቅደም!» «አይሆንም፣ አንተ ታላቄ ነህ!» ሲባባሉ ከኋላቸው ያለው ሁሉ ብርድ ይመታዋል። ከገቡም በኋላ እጅ ለመታጠብ፣ ጥሩውን ወንበር ለመያዝ፣ መጀመሪያ ለመቁረስ ያው ልመና ይቀጥላል። ሒሳብ ሲመጣማ ጠብ እስኪመስል ድረስ ይጓተታሉ።

እነዚሁ ሁለት ሰዎች በጁላይ ወር አንድ ቅዳሜ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ መዝናኛ ፓርክ ሲሄዱ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል።

ካለፉት ዓመታት በአንዱ በጋ ነው። አንዱ ቤተሰብ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌላው ከአሌክሳንድሪያ ተነሥተው በሁለት መኪና ጉዞ ጀመሩ። ትልቅ ትንሹ ሲቆጠር 11 ሰው ነው። ፓርኩ እንደ ጥምቀት በሰው ተጨናንቋል። ልጆቹ ሲያልሙት የከረሙት ሮለር ኮስተር መግቢያ ላይ «ከዚህ ቦታ 75 ደቂቃ» የሚል ሰሌዳ ቆሟል። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ወዲያው መላ ተመታ። ሁለቱ አባቶች ይሰለፉ፤ የቀረው 9 ሰው ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ ተራው ሲቃረብ በስልክ ይጠራ ተባለ።

ተራው ተቃረበ። «ደርሰናል፣ ቶሎ ኑ!» ተብሎ ተደወለ። ዘጠኙ ሰው «ኤክስኪዩዝ ሚ» እያለ፣ የአንዱ ቦርሳ የሰው ጀርባ እየገጨ፣ የሌላው መጠጥ የሰው ጫማ ላይ እየፈሰሰ በጠባቧ መተላለፊያ ተጋፍቶ ወደ ፊት ወጣ። ከሁለቱ አባቶች ኋላ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ በእግራቸው ቆመው ነው የደረሱት። አልጮኹም፣ አልተሳደቡም። ለልጅ ልጃቸው ብቻ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጥቂት እንጠብቃለን፤ ከፊታችን ዘጠኝ ሰው ገብቷል» አሉት።

ከእናቶቹ አንዷ ዘወር ብላ በአማርኛ «ተዋት ባክሽ፣ ምን አገባት!» አለች። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ብታገኛቸው «እማማ» ብላ ጎንበስ ትልላቸው የነበሩትን ሴት ነው «እሷ» ያለቻቸው።

አሮጊቷ አማርኛውን አላወቁትም። እናትየው የእንግሊዝኛውን ነገር ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ሁለቱንም የሰማች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የተወለደች የ9 ዓመት ልጅ። ልጅቱ «እኔ አልሳፈርም» ብላ ከሰልፉ ወጣች። ሆዷን አሟት ነው ተባለ። አባቷ እውነቱን ያወቀው ማታ ሲመለሱ፣ ሌሎቹ ልጆች እንቅልፍ ከወሰዳቸው በኋላ ነው። «አባዬ፣ እዚያ ቦታ መጥፎዎቹ ሰዎች እኛ ነበርን እንዴ?» ብላ ጠየቀችው።

አባትየው ይህን አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቡና ላይ ተቀምጦ ሲያወራ ጠረጴዛውን የከበበው ሁሉ መከላከያ አላጣም።

የመጀመሪያው «እኛ ብቻ ነን ወይ?» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2013 የኒው ዮርክ ጋዜጦች እንደጻፉት፣ ሀብታም ቤተሰቦች ዲስኒ ወርልድ ሲሄዱ አካል ጉዳተኛ አስጎብኚ በገንዘብ እየቀጠሩ፣ ለአካል ጉዳተኞች በተሰጠው መብት ሰልፉን እየዘለሉ ይገቡ ነበር። በዚያው ዓመት መጸው ላይ ዲስኒ የቀድሞውን ካርድ አስቀርቶ፣ ባለመብቱ ወዲያው መግባቱ ቀርቶ የቀጠሮ ሰዓት እየተሰጠው እንዲመለስ አደረገ። በዚህ የተጎዳው ማን ነው? ያ ሀብታም አይደለም። መጠበቅ የማይችል የኦቲዝም ልጅ ያላቸው ወላጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹም ጉዳዩን ፍርድ ቤት እስከ ማድረስ ሄደዋል። በ2022 ጁላይ ደግሞ ካሊፎርኒያ በሚገኘው ኖትስ ቤሪ ፋርም በወጣቶች መካከል የተነሣው ድብድብ ፓርኩ ከሰዓቱ በፊት እንዲዘጋ አደረገ። ከዚያ በኋላ ዕድሜው 17 እና ከዚያ በታች የሆነ ሁሉ፣ 21 ዓመት የሞላው አዋቂ ካላስከተለ በተወሰኑ ቀናት አይገባም ተባለ። ሌሎች ፓርኮችም ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ጥቂቱ ያጠፋውን ብዙው ይከፍለዋል። እንግዲህ «ሌላውም ያደርገዋል» የሚለው ነገር ጥፋቱን ያበዛዋል እንጂ አያሳንሰውም።

ሁለተኛው መከላከያ «እኛ አገር ሰልፍ አልለመድንም» የሚል ነበር። ይህን የሰሙ አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ሳቃቸው መጣ። በደርግ ዘመን ለስኳር፣ ለሳሙናና ለዘይት ቀበሌ ሱቅ በር ላይ ያልተሰለፈ የከተማ ሰው ማን አለ? ሌሊት ወጥቶ ድንጋይ ወይም ዘንቢል በተራ አስቀምጦ መሄድ የተለመደ ነበር። ጠዋት የተራው ባለቤት ሲመጣ ድንጋዩን አንሥቶ በቦታው ይቆማል። ያንን ድንጋይ ከቦታው የሚያንቀሳቅስ ሰው ግን የሰፈሩ መነጋገሪያ ይሆን ነበር። አንድ ድንጋይ የሚቆመው ለአንድ ካርድ ነው። አንድ ድንጋይ አስቀምጦ ዘጠኝ ሰው ይዤ ልግባ ያለ አልነበረም፤ ቢኖርም የሚያስገባው የለም። ዛሬም ቢሆን አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ከሥራ ሲወጣ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ የሄደ ሰው የታክሲ ሰልፍ መንገዱን ተከትሎ ተጠማዝዞ ያያል። ዝናብ ቢመጣ እንኳ ጃንጥላ ተዘርግቶ ተራ ይጠበቃል። መሐል ገብቶ የሚቆም ካለ «ወንድም፣ ወደ ኋላ!» የሚለው ድምፅ ብዙ ነው። ስለዚህ ሰልፍ አናውቅም ማለት አያዋጣም።

ሦስተኛው መከላከያ ጠንከር ያለ ነው። «ሀብታሙ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ በሌላ በር ይገባ የለም ወይ? እኛ ብንዘል ምን ይለየናል?» የሚል ነው። በእርግጥ ዛሬ ትልልቆቹ ፓርኮች ጊዜን ይሸጣሉ። ሁለት ሥራ የሚሠራ አባት ልጆቹን ይዞ በፀሐይ ሲቆም፣ ሌላው ከፍሎ በአጠገቡ ሲያልፍ ሆዱ ቢከፋው አይፈረድበትም። የሚከፋው ግን በባለ ፓርኩ ነው፤ አቤቱታም ካለ ለእርሱ ነው የሚቀርበው። ሰልፉን የሚዘል ሰው ከባለ ፓርኩ አንዲት ሳንቲም አይወስድበትም። የሚወስደው ከኋላው ከቆመው ልጅ ነው። ያ ልጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የእርሱን የመሰለ፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ አባት ልጅ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ይሉኝታ ያለው ሕዝብ ፓርክ በር ላይ ሲደርስ ይሉኝታው የት ይገባል? ነገሩ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። «በሞቴ ቅደም» የምንለው ለምናውቀው ሰው ነው። የሚያውቀን ሰው ነገ ልቅሶ ቤት ያገኘናል፤ ዕቁብ ላይ ይቀመጣል፤ ለልጃችን ሠርግ ይጠራል። ጨዋነታችን በዓይን ይጠበቃል። የማያውቀን ሰው ፊት ስንቆም ጠባቂው የለም። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚባለው ተረት ስለዚህ ነው። ሰልፍ ግን ለማያውቁት ሰው የሚደረግ ጨዋነት ነው። መሶብ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ከፊቱ ይቆርሳል እንጂ እጁን ዘርግቶ ከሌላው ፊት አይቆርስም። ይህን ያስተማረን ማንም ፈረንጅ አይደለም። ሰልፍም ይኸው የመሶብ ሥርዓት ነው፤ ልዩነቱ ገበታውን የከበቡት ሰዎች የማይተዋወቁ መሆናቸው ብቻ ነው።

አሁን ወደ እነዚያ አሮጊት እንመለስ። እርሳቸው በዚህ አካባቢ ያደጉ ከሆነና ዕድሜያቸው ከ70 ካለፈ፣ በልጅነታቸው እንዲህ ያለ ሰልፍ ውስጥ መቆም ራሱ ተከልክለው ነበር ማለት ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ርቆ፣ እዚያው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ፣ ፖቶማክ ወንዝ አጠገብ ግሌን ኤኮ የሚባል ቦታ አለ። በዘመኑ የዋሽንግተን ሰው በባቡር እየሄደ የሚዝናናበት ዝነኛ ፓርክ ነበር። ጥቁር ግን አይገባበትም ነበር።

እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1960 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ጓደኞቻቸው ሰልፍ ወጡ። አምስቱ ቲኬት በእጃቸው ይዘው ገቡና በ1921 በተሠራው ካሩሰል፣ በእንጨት ፈረሶቹ ላይ ተቀመጡ። ማሽኑ አልዞረም። የፓርኩ ጥበቃ ውጡ ቢላቸው አንወጣም አሉ፤ ተያዙ። በዚያ ቀን ጥበቃው ዘርህ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ከሰልፈኞቹ አንዱ ዘሬ የሰው ዘር ነው ብሎ መመለሱ በፍርድ ቤት መዝገብ ሳይቀር ገብቷል። በጋውን ሙሉ ተማሪዎቹ በሩ ላይ ሰልፉን ቀጠሉ፤ በአቅራቢያው ባንኖክበርን የሚኖሩ ነጮችም፣ አብዛኞቹ አይሁድ፣ አብረዋቸው በፀሐይ ቆሙ። በ1961 ፓርኩ ሲከፈት በሩ ለሁሉም ተከፈተ። የአምስቱ ክስ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1964 ፍርዱ ተሻረላቸው። ከአምስቱ አንዷ ግዌንዶሊን ብሪት ከብዙ ዓመታት በኋላ የሜሪላንድ ሴናተር ለመሆን በቅታለች።

በአማርኛ ለመብት የሚወጣውም ሰልፍ ነው፤ ተራ የሚጠበቅበትም ሰልፍ ነው። ስቴት ዲፓርትመንት በር ላይ ባንዲራ ይዞ፣ በብርድም በሙቀትም የቆመ ሐበሻ የመጀመሪያውን ዓይነት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ሁለቱ ሰልፎች የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ማንም ከማንም አይበልጥም። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ከኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ያንን ሰልፍ ስለወጡ ነው፣ ዛሬ የሐበሻ ልጅ የትኛውም ፓርክ ገብቶ ይህን ሰልፍ የሚቆመው። ዘጠኝ ሰው ይዞ አሮጊቷን ያለፈ ቤተሰብ ያለፈው ይህንን ጭምር ነው።

መጪዎቹ በጋዎች የባሰ ትዕግሥት ሳይጠይቁ አይቀሩም። ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የነበረው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ፣ የቆየው ነዋሪ በ1990ዎቹ አድቬንቸር ወርልድ ብሎ የሚያውቀው፣ ኖቬምበር 2 ቀን 2025 ተዘግቷል። ቅርቡ ስለጠፋ ሰው ወደ ደቡብ፣ ቨርጂኒያ ወደሚገኙት ኪንግስ ዶሚኒየንና ቡሽ ጋርደንስ፣ ወይም ወደ ሰሜን፣ ፔንሲልቬንያ ወደሚገኘው ኸርሺ ፓርክ መንዳት አለበት። መንገድ ሲረዝም ደግሞ ትዕግሥት ያጥራል።

መላው ከባድ አይደለም። መሳፈር የሚፈልግ ሁሉ ይሰለፍ፤ መሰለፍ ያልፈለገ ጥላ ሥር ሆኖ ቦርሳ ይጠብቅ። ሕፃን ሽንት ቤት ቢፈልግ አንድ አዋቂ ይዞት ይውጣና ሲመለስ ከኋላው የነበሩትን ጠይቆ ይግባ፤ ለሕፃን እንቢ የሚል ሰው ጥቂት ነው። መቆም የማይችል አዛውንት ወይም በሽተኛ ካለ ጠዋት ሲገቡ የእንግዶች አገልግሎት ክፍሉን መጠየቅ ነው፤ መብት አለ፣ መብቱን ለሌለበት አለማዋል ነው። የጨረሱበትን ጠርሙስና ሳህን ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ መጣል ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ «አማርኛ አይሰሙም» ብሎ በሰው ላይ አለመናገር ነው። ማንም ባይሰማ ልጆቻችን ይሰማሉ።

የአሌክሳንድሪያው ጠረጴዛ ላይ ታሪኩን ያወራው አባት በቀጣዩ ዓመት ልጁን ግሌን ኤኮ ወስዷታል። ትልቁ ፓርክ ከ1968 በኋላ አልተከፈተም፤ ዛሬ ቦታው የብሔራዊ ፓርክ ነው። ካሩሰሉ ግን በወቅቱ ይዞራል። የተማሪዎቹን ታሪክ ሲነግራት ልጅቱ «ቲኬት ነበራቸው?» ብላ ጠየቀች። «ነበራቸው» አላት። ከኋላቸው አንዲት ሴትዮ ሕፃን አቅፈው ሲደርሱ ልጅቱ ዞር ብላ «እርስዎ ይቅደሙ» አለቻቸው። ሴትዮዋ ፈገግ ብለው «አይ የኔ ልጅ፣ ተራው ያንቺ ነው፤ ውጪ» አሏት።

ወጣች።