በመንገድ የተገኘ ሁሉ ጠላት ነውን?

ጨዋታን እንደ ከንቱ ነገር የሚቈጥር ሰው ልጆችን አስተውሎ አያውቅም። ሰው በጨዋታ ደጋግሞ የለመደውን በቁም ነገር ጊዜ ሳያስበው ያደርገዋል። ስለዚህ፥ ወጣቶች ሆይ፥ ዛሬ ስለ አንድ ጨዋታ፥ ከዚያም ውስጥ ስለ አንዲት ትንሽ ክፍል እጽፍላችኋለሁ። ክፍሏ ትንሽ ብትሆንም የምታስተምረው ትምህርት ትንሽ አይደለም።

ጨዋታው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. በሦስት ትንንሽ መጻሕፍት አወጡት። ጥቂት ወጣቶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አንዱ አጫዋች ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ መንገደኛ ሆነው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ ያልታወቀውን ነገር ዳይስ ይቈርጠዋል። ሦስተኛው መጽሐፍ የሚናገረው ስለ ምድር በታች ዋሻና ስለ ዱር ጕዞ ነው። መንገደኞቹ በዱር ሲሄዱ አጫዋቹ ለየቀኑ ዳይስ ይጥላል፤ ዕጣው የወጣ እንደሆነ በሰንጠረዥ ከተጻፉት ፍጥረቶች አንዱ ያጋጥማቸዋል። ሰንጠረዡም እንደ አገሩ ጠባይ ይለያያል፤ የረግረጉ ሌላ፥ የተራራው ሌላ፥ የበረሃው ሌላ ነው።

እኔ የምከራከረው ይህን ሰንጠረዥ ከሚያበላሹት ጋራ ነው። ብዙ አጫዋቾች ሰንጠረዥ አዘጋጀን ሲሉ የሚጽፉት የሚገደል ነገር ዝርዝር ብቻ ነው፤ ስድስት ጎብሊን፥ ሦስት ተኵላ፥ አራት ሽፍታ። ዳይስ ይወድቃል፥ ሰይፍ ይመዘዛል፥ የሬሳው ኪስ ይበረበራል፥ ጕዞው ይቀጥላል። እነዚያ ጎብሊኖች ከየት መጡ? ወዴትስ ይሄዱ ነበር? ርቧቸው ነበርን? ብሎ የሚጠይቅ የለም። የልጄ ልጅ ከጓደኞቹ ጋራ በቤቴ ሲጫወት አንድ ቀን ተቀምጬ አየሁ። ከምሳ እስከ ምሽት አምስት ጊዜ በመንገድ ፍጥረት አጋጠማቸው፤ አምስቱንም ጊዜ ገደሉ፤ አንድ ጊዜ እንኳ «እንደምን ዋላችሁ» ያለ አልነበረም። ደሙ የወረቀት ደም መሆኑን አውቃለሁ። እኔን ያሳዘነኝ የሰላምታው መጥፋት ነው።

«የጨዋታው ጠባይ እንዲህ ነው» የሚሉኝ አሉ። ይህ መጻሕፍቱን ያላነበበ ሰው ንግግር ነው። በ1981 የታተመው የጀማሪዎች መጽሐፍ፥ የፍጥረቱ ሐሳብ አስቀድሞ ካልተወሰነ፥ ሁለት ዳይስ ተጥሎ እንዲታወቅ ያደርጋል። ድምሩ 2 ቢሆን ወዲያው ይጣላል፤ ከ3 እስከ 5 ቢሆን ሊጣላ ይችላል፤ ከ6 እስከ 8 ቢሆን ገና አልቈረጠም፤ ከ9 እስከ 11 ቢሆን አይጣላም፤ 12 ቢሆን በደስታ ወዳጅ ይሆናል። እንግዲህ የሒሳብ ትምህርታችሁን አስታውሱ። ሁለት ዳይስ የሚወድቁበት መንገድ 36 ነው። ከዚህ ውስጥ 2 የሚያስገኘው አንዱ ብቻ ሲሆን፥ ከ6 እስከ 8 የሚያስገኘው 16 ነው። እንግዲህ በዱር ከሁሉ ይልቅ የሚያጋጥማችሁ፥ እናንተ ምን እንደምታደርጉ ቆሞ የሚጠባበቅ ፍጥረት ነው። የሚያነጋግረው ሰው ግርማ ሞገስም ድምሩን ከፍ ያደርገዋል፤ መልካም አንደበት በዚያም ዋጋ አለው።

ከዚህም በላይ በ1974ቱ ሰንጠረዥ ሽፍቶች ሲመጡ ቍጥራቸው ከ30 እስከ 300 ነበር። አራት መንገደኞች 300 ሽፍታ ቢያዩ ምን ያደርጋሉ? ይሸሸጋሉ፥ ይሸሻሉ፥ ወይም ይነጋገራሉ። እያንዳንዱ ፍጥረት በመኖሪያው የመገኘቱ ዕድልም በመቶኛ ተጽፎ ነበር። መኖሪያ ያለው ፍጥረት የሚመለስበትና የሚጠብቀው ነገር አለው። ይህን ዓምድ ከሰንጠረዡ የሰረዘ አጫዋች ፍጥረቱን ከቤቱ አፈናቅሎ ለሰይፍ ብቻ አዘጋጀው።

ሌሎች ደግሞ «ዳይስ ታሪክ ያበላሻል፤ አጫዋቹ ሁሉን አስቀድሞ ይወስን» ይላሉ። ሁሉ ነገር ለእርሱ ተብሎ በተሰናዳበት መንገድ የሚሄድ ሰው ዓለም የተፈጠረችው ለእርሱ ይመስለዋል። ዳይስ አጫዋቹንም ትሕትና ያስተምረዋል፤ የሚመጣውን እርሱም አያውቅምና። «ዳይስ ቁማር ነው» ለሚሉትም፥ እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳድግ ይህንኑ ተምሬያለሁ፤ ነገር ግን ገንዘብ ያልተያዘበት፥ የባልንጀራ ንብረት የማይነጠቅበት ዳይስ ምን ቁማር አለው?

ስለዚህ ሰንጠረዥ የምትጽፉ ሁሉ፥ በእያንዳንዱ መሥመር ሦስት ነገር ጨምሩ፤ ፍጥረቱ ምን ይፈልጋል? ወዴት ይሄዳል? ሳይታይ በፊት ምን ምልክት ይሰጣል? «አራት ሽፍታ» በማለት ፈንታ «አለቃቸው ቈስሎባቸው ወጌሻ የሚፈልጉ አራት ሽፍቶች፤ አስቀድሞ በመንገድ ላይ የደም ጠብታ ይታያል» ብላችሁ ጻፉ። «ድብ» በማለት ፈንታ «ግልገሏ የጠፋባት ድብ» በሉ። ጎርፍ የወሰደው ድልድይና መንገድ የጠፋው እረኛም ይጻፉ። ዱር ሁሉ ደግ ነው አላልሁም፤ የተራበ ተኵላ ተኵላ ነው፥ ከ36 አንዱም አይቀርም። ሁሉን የሚያምን ሰው ሞኝ ነው፤ ሁሉን የሚገድል ግን ከሞኝ ይብሳል፥ ስሕተቱን የሚነግረው ሰው በሕይወት አላስቀረምና።

አባቶቻችን ሲመሽ ከማያውቁት ሰው ደጅ ቆመው «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይሉ ነበር። ባለቤቱም ከጨለማው የሚጠራው ማን እንደሆነ ሳያውቅ ይመረምራል፥ ይጠይቃል፥ ኋላም ደጁን ይከፍታል። እናንተም ነገ ከማታውቁት ሰው ጋራ በሥራ፥ በጕዞ፥ በስደት ትገናኛላችሁ። ያን ጊዜ እጃችሁ ወዴት እንደሚሄድ ዛሬ በጠረጴዛ ዙሪያ እየተለማመዳችሁ ነው። ዳይሱን ጣሉ፤ ሰይፍ ከመምዘዛችሁ በፊት ግን «ከየት ትመጣለህ?» ብላችሁ ጠይቁ።