ነጥብ ሳይሆን ምክንያት

በዚህ እትም ለገመገምናቸው የፖስት ሮክ አልበሞች ነጥብ አልሰጠንም፤ የሃያሲ ዋና ሥራ ማስረዳት ነው ብለን እናምናለንና። እንግሊዛዊው ሃያሲ ሳይመን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1994 የባርክ ሳይኮሲስ ባንድን «ሄክስ» አልበም ገመገመ፤ በዚያው ዓመት ባወጣው ሰፋ ያለ ጽሑፍም ፖስት ሮክ የሮክ መሣሪያዎችን ለሌላ ዓላማ እንደሚጠቀም፣ ጊታሩም የድምፅ ቀለም መፍጠሪያ እንደሆነ አብራራ። አድማጩ አዝማች ፍለጋውን ትቶ የድምፁን አወቃቀር እንዲከታተል መንገድ ከፈተለት፤ ይህን አምስት ኮከብ አይሠራውም።

«ጊዜና ገንዘብ ለሚያጥረው አንባቢ ነጥብ ይጠቅማል» የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ነገር ግን ነጥብ የሚነግረን ሃያሲው መውደዱን እንጂ አንባቢው ይወደው እንደሆነ አይደለም። ቀስ እያለ የሚገነባ የ20 ደቂቃ ሙዚቃ አንዱን ይመስጣል፣ ሌላውን ያሰለቻል፤ ሁለቱንም የሚረዳቸው ጥሩ ገለጻ ነው። ጸሐፊዎቻችን ፍርዳቸውን ከነምክንያቱ አስቀምጠዋል፤ እናንተም አልበሞቹን ሰምታችሁ ሞግቷቸው።

አዘጋጁ