«ሉማሜ» ስንት ፊደል ነው?

እንደሚታወቀው በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት የተጣለለት የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ጭምር እየተጠየቀ ነው፡፡ የአንድ ሰው ስም ከእንግዲህ በአንድ መዝገብ ላይ ብቻ ተጽፎ አይቀመጥም፤ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይጓዛል፡፡ ጥያቄው ሳይጎድል ይደርሳል ወይ የሚለው ነው፡፡

ብዙዎቻችን ችግሩን «ሲስተም የለም» ከሚለው የመስኮት መልስ ጋር ብቻ እናያይዘዋለን፡፡ በእኔ እምነት ግን ሲስተሙ እያለም የሚፈጠር፣ ድምፅ የሌለው ችግር አለ፡፡ እሱም ድረ ገጾችና የመረጃ ሥርዓቶች የሚሠሩባቸው የፕሮግራም ቋንቋዎች አለመጣጣም ነው፡፡

ምሳሌውን ከምሥራቅ ጎጃም ልውሰድ፡፡ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ የሉማሜ ስም ሦስት ፊደል ነው፡፡ በማይክሮሶፍቱ ኤኤስፒ ዶት ኔት ወይም በጃቫ የተሠራ ሥርዓት የስሙን ርዝመት ሲጠየቅ 3 ይላል፡፡ በነፃ የሚገኘው ፒኤችፒ ግን በተለመደው የቆጠራ ትእዛዝ 9 ይላል፡፡ ምክንያቱም የሚቆጥረው ፊደሉን ሳይሆን ባይቱን ነው፤ ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት ዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛው 3 ይይዛል፡፡

«ታዲያ ይህ ለሕዝቡ ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም፡፡ ወልደገብርኤል የሚባል የሉማሜ ገበሬ እናስብ፡፡ ስሙ 8 ፊደል፣ 24 ባይት ነው፡፡ አንዱ ሥርዓት በ20 ፊደል፣ ሌላው በ20 ባይት ቢገድብ፣ ሁለተኛው ጋ የሚደርሰው «ወልደገብር» እና አንድ የተበላሸ ምልክት ነው፡፡ ገበሬው ብድር ሊወስድ ሲሄድ «ስምዎ አይመሳሰልም» ይባላል፡፡ በእንግሊዝኛ ስሞች ብቻ የተሞከረ ሥርዓት ይህንን ጉድለት አያሳይም፡፡

ፒኤችፒ ፊደል በትክክል የሚቆጥሩ ሌሎች ትእዛዛት አሉት፡፡ ሙሉ ለሙሉ በዩኒኮድ እንዲሠራ የታሰበው 6ኛው እትም ግን እ.ኤ.አ. በ2010 በመተዉ፣ ጥንቃቄው በፕሮግራመሩ ጫንቃ ላይ ቀርቷል፡፡ ኤኤስፒ ዶት ኔትም ቢሆን ያለ ነቀፋ አይደለም፡፡ የሂጅራን፣ የዕብራውያንንና የፋርስን የዘመን አቆጣጠር ይዞ ሲመጣ የእኛን ግን አልያዘም፡፡ ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደ ሕፃን 12 ወር ብቻ በሚያውቅ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም፡፡

መፍትሔው ሁሉም መሥሪያ ቤት አንድ ቋንቋ ይጠቀም ማለት አይደለም፡፡ የጨረታ ሰነዶቻችን ግን የኮምፒውተሩን ብዛትና ዋጋ ብቻ ሳይሆን፣ የስም ርዝመት በፊደል እንዲለካ፣ ሥርዓቱም ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በአማርኛ ስሞችና በጳጉሜን ቀናት እንዲፈተሽ ማስገደድ አለባቸው፡፡ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል፡፡ ዛሬ የዜጋን ስም ለሚቆርጥ ሥርዓት ተጠያቂው ፊደሉ ሳይሆን ሥርዓቱን ሳይፈትሽ የተረከበው ነው፡፡