ጋሪው ለማን ተብሎ ነው?

ሙቀቱ በረድ ሲል አመሻሽ ላይ ዶሃ፣ አል ዋዓብ፣ አስፓየር ፓርክ ብቅ በሉ። ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ፣ እግሩ ከጋሪው መርገጫ አልፎ መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው፣ ቀበቶ ታስሮለት ስልክ እያየ ሲገፋ ታያላችሁ። ፓርኩ 88 ሄክታር ነው። የልጁ ጫማ ሶል ግን ከሱቅ እንደወጣ ነው።

«እንዳይደክመው፣ እንዳይወድቅ» ይባላል። እንክብካቤ መሆኑ ነው። ለእኔ ግን ጋሪው የሚያሳርፈው አዋቂውን ነው። ሕፃን በእግሩ ሲሄድ ይቆማል፣ ጠጠር ያነሳል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ይህ ለቸኮለ ሰው አይመችም።

መውደቅስ? የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲዋ ካረን አዶልፍ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመችው ጥናት፣ ከ12 እስከ 19 ወር ያሉ ሕፃናት እንደልባቸው ሲጫወቱ በአማካይ በሰዓት 2,368 እርምጃ ሲራመዱ 17 ጊዜ ወድቀዋል። ሚዛን መጠበቅም፣ ዳገትና ቁልቁለት መለየትም የሚለመደው በዚሁ መውደቅና መነሳት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ፣ በጋሪም ሆነ በሰው ጀርባ በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ ታስሮ እንዳይቆይ ይመክራል። ስለዚህ ጋሪን ነቅፎ አንቀልባችንን ማሞገስም አያዋጣም።

ሙቀቱን የሚያነሱ አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ በሐምሌ ቀትር ሕፃን ወደ ውጭ አይወጣም። የገበያ ማዕከሉ ቪላጂዮ ግን እዚያው ፓርኩ ጎን ነው፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰፊ ነው። እዚያም ጋሪ!

ጋሪውን ከሚገፉት መካከል በሞግዚትነት የሚሠሩ እህቶቻችን አሉ። እነሱን መውቀስ ይከብደኛል። የልጁ ጉልበት ቢላጥ ማዳም የምትቆጣው ሞግዚቷን ነው፤ እሷም ቀበቶውን ታጠብቃለች። አገር ቤት የራሷ ልጅ ቢሆን «ወፌ ቆመች» ብላ ትለቀው ነበር። ጥፋቱ ትንሿን ጭረት የቸልተኝነት ማስረጃ በሚያደርገው ቤት ነው። እኛ በዶሃ ያለን ወላጆችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ሙክታር እድሪስ እ.ኤ.አ. በ2019 በ5,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀበትን ኸሊፋ ስታዲየም እያሳየን ልጃችንን ፎቶ እናነሳዋለን፤ ጋሪ ላይ እንደተቀመጠ።

ልጅዎን ለሞግዚት የሚሰጡ ከሆነ፣ ከቤት ከመውጣቷ በፊት «ቢወድቅ አልቆጣሽም» ይበሏት። ጋሪውንም ቤት ያስቀሩት።