ግራዋ በሲኒ ወይስ በብርጭቆ?

ግራዋ በጅማው መንደራ ቆጪ ሰፈር አጥር ሥር ብዙም ሳይከበር ይበቅላል። ቅርንጫፉን ቆርጠው ቢተክሉት ይጸድቃል፤ ጋን ይታጠብበታል፤ ሲያብብ ንብ አይጠግበውም፣ ማሩንም የሚያውቅ ያውቀዋል። ሆዱን የቆረጠው፣ ትል ያስቸገረው፣ አንዳንዴም ወባ የያዘው ሰው ቅጠሉ ተጨምቆ ይሰጠዋል።

ስንት ነው የሚሰጠው? አንዷ እናት በቡና ሲኒ ትለካለች፣ ጎረቤቷ ብርጭቆ ሙሉ ታቀርባለች። ሁለቱም «ከመረረ ያድናል» ባዮች ናቸው። እኔ በዚህ አልስማማም። ተክሉ መራራ የሆነው ለእኛ ሆድ አስቦ አይደለም፤ ቅጠል በሊታ ነፍሳትን ሊያባርር ነው።

ተክሉ ውስጥ ምን እንዳለ ተመርምሯል፤ ሞሪስ ኩፕቻን የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1969 ከግራዋ ቬርኖዳሊንና ቬርኖሚግዲን የሚባሉ ውህዶች ማውጣታቸውን ጻፉ። ሁለቱም በላብራቶሪ የካንሰር ሕዋስ ይገድላሉ። እንዲህ ያሉ ውህዶች ፕሮቲን ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ተጣብቀው ሥራውን ያስተጓጉላሉ፤ ችግሩ ጤነኛው ሕዋስም ያው ፕሮቲን ያለው መሆኑ ነው። በብልቃጥ የገደለ ሁሉ መድኃኒት የማይሆነው አንዱ ለዚህ ነው።

ከእኛ ይልቅ ቺምፓንዚ ጠንቃቃ ሳትሆን አትቀርም። እ.ኤ.አ. በ1987 በታንዛኒያ ማሃሌ ተራሮች ተመራማሪው ማይክል ሃፍማንና ታንዛኒያዊው መሐመዲ ሰይፉ ካሉንዴ አንዲት የታመመች ቺምፓንዚ ይከታተሉ ነበር። የግራዋ ለጋ ቀንበጥ ሰበረች፤ ቅጠሉንና ልጣጩን ጣለች፤ ውስጡን አኝካ ጭማቂውን መጠጠችና ገለባውን ተፋች። አንድ ቀን ያህል ቆይታ በረታች። በኋላ የጃፓን ኬሚስቶች ሲመረምሩ መርዘኛው ቬርኖዳሊን በብዛት ያለው እሷ በጣለችው ቅጠልና ልጣጭ ውስጥ ሆኖ ተገኘ። እኛ ደግሞ የምንጨምቀው ቅጠሉን ነው!

ቅጠሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ከቅጠሉ የወጣ ንጥረ ነገር በአይጦች ላይ ሲሞከር የወባ ተውሳክን ቀንሷል። ግን ስንት ቅጠል፣ በስንት ውኃ፣ ለስንት ዓመት ልጅ? ጅማ ፋርማሲስት የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ ተማሪዎቹ ሲኒና ብርጭቆ ከሚለኩት እናቶች ጋር ቁጭ ብለው ይህን ቢመዝኑ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ የቀረበ ርዕስ የሚያገኙ አይመስለኝም።

ልጁ ካተኮሰውና ካንቀጠቀጠው ግን ይህ ሁሉ ክርክር ይቆይ። ደሙ መታየት ያለበት ዛሬ ነው፤ ግራዋው እስኪሠራ ሲጠበቅ የሚያልፈው ሌሊት በሕፃንና በነፍሰ ጡር ላይ ወባው የሚበረታበት ሌሊት ነው።