ስለማይጠጣው እንግዳ

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ አገርና ስለ ትምህርት ብዙ ተጽፏል፤ እኛም አንብበን ተጠቅመናል። ዛሬ ግን አንባቢያን ቢፈቅዱልን ከዚያ ያነሰ የሚመስል ጉዳይ እናነሣለን። ጉዳዩ የቅዳሜ ማታ ጉዳይ ነው። ያነሰ የሚመስል አልን እንጂ ያነሰ ነው አላልንም፤ ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዲት እኅት በዚሁ ምክንያት ትምህርቷን አቋርጣ ሄዳለችና።

ይህን የምንጽፈው በአሜሪካ አገር በአንድ ትንሽ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ የምንማር አምስት ኢትዮጵያውያን ነን። ቋንቋ፥ ታሪክና ፍልስፍና እናጠናለን። በትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የምትማሩ ወንድሞችና እኅቶች ኑሯችንን እንድትረዱልን ይህን አስቡ፤ የኮሌጃችን ተማሪ በጠቅላላው ሁለት ሺህ አይሞላም፤ ሁሉም ለማለት ይቻላል እግቢው ውስጥ ያድራል፤ ከተማው ከአንድ ዋና መንገድ አያልፍም። ጠዋት በምግብ ቤት ያያችሁትን ሰው ቀትር ላይ በክፍል፥ ማታ በቤተ መጻሕፍት ታገኙታላችሁ። በሠላሳ ሺህ ተማሪ መካከል ጭፈራ የማይወድ ሰው ቢጤዎቹን ፈልጎ ያገኛል። በእኛ ዘንድ ግን መንደሩ አንድ ነው። መንደሩ ቅዳሜ ማታ ወደ ፓርቲ ከሄደ የቀረው ሰው መቅረቱን ሁሉም ያውቃል፤ ራሱም ያውቃል።

ነገሩ በቅዳሜ አያበቃም። የቅዳሜው ጨዋታ ሰኞ ጠዋት በቁርስ ላይ ይነሣል፤ ያልነበረ ሰው በማያውቀው ነገር ፈገግ ብሎ ሻዩን ይጠጣል። ለፈተና አብረው የሚያጠኑት፥ በሚቀጥለው ዓመት አንድ ክፍል ለመኖር የሚነጋገሩት፥ ለተማሪዎች ምክር ቤት የሚመራረጡት በዚያ የተዋወቁት ናቸው። ስለዚህ የምንናገረው ስለ ጭፈራ ብቻ ሳይሆን በትንሽ መንደር ውስጥ ሰው ሆኖ ስለ መቆጠር ነው።

ከአምስታችን አንዱ ሙስሊም ነው። ሁለቱ ቤተ ክርስቲያናቸው ስለማይፈቅድላቸው አይጠጡም። አንዷ ቅዳሜ ማታ በቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እያበደረች የምትሠራ ናት። አምስተኛው ጩኸት አይወድም፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ይህ የመጨረሻው ምክንያት ከሌሎቹ ያነሰ አክብሮት የሚገባው አይመስለንም። ዳሩ ግን አንዳንዶቻችን እንደምናደርገው «ባህላችን አይፈቅድም» እያልን አንመጻደቅ። ከመካከላችን ጠላ ጠምቀው ሸጠው ያሳደጉን አያት ያሉን አለን። የመጣነው መጠጥ ከማያውቅ አገር አይደለም።

አስቀድሞ የነገሩን አመጣጥ እንመልከት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ፥ 21 ዓመት ያልሞላው ሰው መጠጥ እንዲገዛ የሚፈቅድ ክፍለ ግዛት ለአውራ ጎዳና ከሚሰጠው ገንዘብ ይቀነስበታል። ስለሆነም ሁሉም ዕድሜውን 21 አደረጉት። ከኮሌጅ ተማሪ ብዙው ከዚያ በታች ነው። እኛ እንደምናየው መጠጡ አልቀረም፤ ከአዳራሽ ወጥቶ ወደ መኝታ ክፍል ገባ እንጂ። አዳራሽ ለማንም ክፍት ነው፤ ወደ ሰው መኝታ ክፍል ግን የሚዘልቀው የሚያውቀው ሰው ያለው ነው። እንግዲህ አዲሱ ተማሪ ሰው ለመተዋወቅ ፓርቲ መሄድ አለበት፤ ፓርቲ ለመግባት ደግሞ አስቀድሞ ሰው ማወቅ አለበት። የማይጠጣው አዲስ ተማሪ ሁለት ጊዜ ውጭ ይቀራል።

ለዚህ ችግር እስከ ዛሬ ሁለት መድኃኒት ሞክረናል። የመጀመሪያው ቀዩ የፕላስቲክ ኩባያ ነው። ውኃ ሞልተን ማታውን ሙሉ ይዘነው ቆመናል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ማንም አያይም። ሰላም ይገኝበታል። ይሁን እንጂ በዚህ ዓይነት የሚገኝ ወዳጅ ኩባያውን ያውቃል እንጂ እኛን አያውቀንም።

ሁለተኛው መድኃኒት በር መዝጋት ነው። ቅዳሜ ማታ ቤተ መጻሕፍት እንገባለን፤ ሲዘጋም ወደየክፍላችን እንሄዳለን። ከግድግዳው ማዶ ሙዚቃው ሲያስገመግም «እነዚህ ጊዜያቸውን ያባክናሉ» እያልን እንጽናናለን። ብቸኝነታችንን ጨዋነት ብለን ስም አወጣንለት። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚለው ተረት ብቻውን ለሚያነብ ሰውም የተነገረ መሆኑን ዘነጋን።

ከላይ የጠቀስናት እኅት የመጣችው በዚያው መካከል ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበረች። ዓርብና ቅዳሜ ማታ በምናጠናበት ጠረጴዛ አጠገብ ስታልፍ ሰላምታ ትሰጠናለች፤ እኛም ሰላምታዋን መልሰን ወደ መጽሐፋችን እናጎነብሳለን። «ዝምተኛ ናት፤ ጨዋ ልጅ ናት» እንባባል ነበር። ለገና ዕረፍት ሄዳ አልተመለሰችም። ለመሰናበት ስትደውል ለአንዳችን የነገረችው ይህን ነው፤ «ፈረንጆቹስ ባይጠሩኝ አልፈርድባቸውም፤ እናንተ ቅዳሜ ማታ የት እንደምትሰበሰቡ ግን አላውቅም ነበር።» እኛ የትም አንሰበሰብም ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የጠጪዎቹ ብቻ ነው ብለን ለመጻፍ ብዕራችን አይታዘዝልንም።

«ታዲያ ምን ይደረግ፤ አገሩ ሁሉ ጠጪ ነው» የሚል ይኖራል። ይህ ግምት ራሱ የተሳሳተ መሆኑን ያሳዩ ምሁራን አሉ። ዌስሊ ፐርኪንስና አለን በርኮዊትስ በ1986 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት የተሠራው እንደኛው ባለ ትንሽ ኮሌጅ፥ በሆባርትና ዊልያም ስሚዝ ነው። ያገኙትም ተማሪው ጓደኞቹ ከራሱ ይልቅ መጠጥን የሚደግፉ አድርጎ እንደሚገምት ነው። በ1993 ዓ.ም. ዲቦራ ፕሬንቲስና ዴል ሚለር በፕሪንስተን ባደረጉት ጥናት ተመሳሳይ ነገር አዩ፤ እያንዳንዱ በልቡ እየሰጋ «ሌላው ግን ምንም አይመስለውም» ይላል። ከዚህም አልፎ ወንዶቹ ተማሪዎች እየዋሉ ሲያድሩ ኀሳባቸውን ወደዚያ ወደ ተሳሳተው ግምት ሲያስጠጉ ታይተዋል። እንግዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ ካሉት ስንቶቹ ኩባያቸውን እንደኛ ይዘው እንደሚቆሙ ማን ያውቃል?

«ልማድ ነው፤ አይለወጥም» ለሚለውም መልስ አለ። ከመቶ ዓመት በላይ የኮሌጅ ድግስ ጌቶች ሆነው የኖሩትን የወንድማማች ማኅበራት ቤቶች ዊልያምስ ኮሌጅ በ1962፥ አምኸርስት በ1984፥ ቦውዶይን በ1997 ዓ.ም. እንዲቀሩ ወስነዋል። ይህ መጠጡን አላጠፋውም፤ ሰው የሚሰበሰብበት መንገድ በሰው ውሳኔ ሊለወጥ እንደሚችል ግን አሳይቷል።

እኛ የምናቀርበው ኀሳብ ከአገራችን ድግስ የተወሰደ ነው። ጠጅ በሚቀዳበት ቤት ለማይጠጣው እንግዳ ብርዝ ይቀርብለታል። በዚያው ብርሌ፥ በዚያው ወንበር፥ ከዚያው ጨዋታ መካከል ይቀመጣል። ለምን አትጠጣም ብሎ የሚመረምረው የለም፤ እሱም ለምን ትጠጣላችሁ ብሎ አይሰብክም። ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው በሚኖሩበት አገርም ደጋሹ ለሁለቱም ለየብቻ አርዶ ሁለቱንም ይጠራል። የድግሱ ቁም ነገር ሰው መምጣቱ ነውና።

ስለዚህ ከዚህ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት በማደሪያችን የጋራ ወጥ ቤት ቡና እናፈላለን። ከሰልና ዕጣን ክልክል ስለሆነ ጀበናው የሚጣደው በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ነው፤ ጢሱ ቀርቶብናል። በሩን ግን ክፍት እንተዋለን። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከእኛ ሌላ የመጡት ሦስት ነበሩ። በሦስተኛው ዘጠኝ ሆኑ። ከእነርሱ አንዱ ከፓርቲ የመጣ ልጅ ነበር፤ «እዚያ ሰው ለማነጋገር አይመችም» ብሎ እስከ በረካ ቆየ።

ከእናንተም የምንለምነው ይህንኑ ነው። በየኮሌጁ የማትጠጡ በራችሁን ክፈቱ፤ አዲስ ለመጣው ቀኑንና ቦታውን በአፍ ንገሩት። በተራችሁም ለአንድ ሰዓት ያህል ወደነሱ ሂዱ፤ ውኃችሁንም አትደብቁ። የምትጠጡ ደግሞ ስትደግሱ አንድ ማሰሮ ብርዝ አስቡ። ለተማሪዎች ምክር ቤት የምንከፍለው መዋጮ የሁላችንም ነውና፥ በወር አንድ ጊዜ እንኳ ለሁሉም ክፍት የሆነ አዳራሽ እንዲሰጠን በጽሑፍ እንጠይቅ።

ያቺን እኅት አሁን መመለስ አንችልም። የሚመጣው መስከረም ግን ሌላ አዲስ ተማሪ በጠረጴዛችን አጠገብ ሰላም ብሎ ያልፋል። ያን ጊዜ ከመጽሐፋችን ቀና እንበል።